ልጅ በዕድሉ ያድጋልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በአገራችን ሕፃን ሲወለድ፣ በተለይም በችግረኛ ቤት ሲወለድ፣ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ወላጆቹን የሚያጽናኑበት አንድ የቆየ አነጋገር አለ፤ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላሉ። ይህ አነጋገር ከክፋት የመጣ አይደለም። የፈጠረውን የማይረሳ አምላክ እንዳለ የሚያስታውስ፣ ነገን ለሚፈራ ወላጅ ልብ የሚሰጥ የእምነት ቃል ነው። ነገር ግን ለማጽናኛ የተነገረ ቃል ሁልጊዜ ማጽናኛ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አንዳንድ ጊዜ የመልስን ቦታ ይይዝና ጥያቄው እንዳይጠየቅ ያደርጋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የተነሣነው ይህንኑ ነው። በአንድ አገር የተወለደ ሕፃን በደኅና ሲያድግ፣ በሌላ አገር የተወለደ እኩያው ቀንጭሮ ቢገኝ፣ «ዕድሉ ነው» ብለን ማለፍ ይገባናልን? ወይስ ዕድል የምንለው ነገር ሲመረመር ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል?

በመጀመሪያ ስለምን እንደምንናገር እንለይ። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች በሕፃናት ላይ የሚደርሰውን የምግብ እጥረት ጉዳት በሁለት ዋና ዋና መልኮች ያዩታል። አንደኛው መቀጨጭ ነው፤ ይኸውም ሕፃኑ በአጭር ጊዜ ውስጥ ምግብ በማጣት ወይም በበሽታ ምክንያት ከስቶ ክብደቱ ለቁመቱ የማይመጥን ሲሆን ነው። ይህንን ዓይን ያየዋል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ሕፃን ክንዱ በጥብጣብ ሲለካ ዙሪያው ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ሕይወቱ በብርቱ አደጋ ላይ እንደሆነ ይቆጠራል። ሁለተኛው መቀንጨር ነው፤ ይህም የሕፃኑ ቁመት ለዕድሜው ከሚገባው በታች ሲቀር ነው። ይህንን ግን ዓይን በቀላሉ አያየውም። የቀነጨረ ሕፃን ይጫወታል፤ ይስቃል፤ ሦስት ዓመት የሞላውን ልጅ እንግዳ ሰው ቢያየው ሁለት ዓመቱ ይመስለዋል እንጂ ታሟል አይልም። የመንደሩ ልጆች ብዙዎቹ እንደዚያው ከሆኑ ደግሞ ማንን ከማን አስተያይቶ ጉድለቱን ማወቅ ይቻላል?

መቀንጨር በአብዛኛው የሚጀምረው ገና በእናት ማሕፀን ሲሆን፣ የሚጸናውም ሕፃኑ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ነው። ይህ ጊዜ ሲቆጠር አንድ ሺህ ቀን ያህል ይሆናል። ጉዳቱም በቁመት ብቻ አይወሰንም። አእምሮ በፍጥነት የሚያድግበት ወቅት በመሆኑ ትምህርት የመቀበል ችሎታ ይቀንሳል፤ ሰውነት በሽታን የመቋቋም ኃይሉ ይደክማል። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ ጠግቦ ቢበላ እንኳ የጎደለውን ሁሉ መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የአንድ ሕፃን ቁመት እንደ መዝገብ ነው ለማለት ይቻላል። በእነዚያ አንድ ሺህ ቀናት እናቱ ምን እንደበላች፣ ምን ያህል እንደደከመች፣ ምን ዓይነት ውኃ እንደጠጣ፣ ስንት ጊዜ እንደታመመና ማን እንደደረሰለት በአጥንቱ ላይ ተጽፎ ይቀራል።

እንግዲህ ወደ አገሮች ልዩነት እንምጣ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በጋራ ባወጡት ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት የዓለም ሕፃናት 150.2 ሚሊዮን ያህሉ፣ ማለትም ከመቶ 23 የሚሆኑት፣ የቀነጨሩ ነበሩ። የቀጨጩት ደግሞ 42.8 ሚሊዮን ነበሩ። በዚያው ዓመት በዚያው ዕድሜ ከሚገኙት መካከል 35.5 ሚሊዮን የሚሆኑት ከመጠን በላይ የወፈሩ ነበሩ። ይህ ሁሉ በምድር ላይ በእኩል አልተከፋፈለም። የቀነጨሩት ከሞላ ጎደል ሁሉም በእስያና በአፍሪካ ይገኛሉ። በቡሩንዲ እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 በተደረገው ጥናት ከመቶ ሕፃናት 56ቱ ቀንጭረው ተገኝተዋል። በህንድ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 በተደረገው ጥናት ከመቶ 36 ያህሉ፣ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከመቶ 37ቱ እንዲሁ ሆነው ተገኝተዋል። በሚገባ በሚመገብና ጤናው በተጠበቀ ሕዝብ ዘንድ ግን በዚህ መለኪያ ከወሰኑ በታች የሚገኙት ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም በተፈጥሯቸው አጠር ያሉ ጤነኞች ናቸው።

ይህንን የሚሰማ ሰው ቶሎ ብሎ የሚሰጠው መልስ አለ። «የዘር ነገር ነው፤ የፈረንጅ አጥንትና የሐበሻ አጥንት፣ የህንድ አጥንትና የኖርዌይ አጥንት አንድ አይደለም፤ እግዚአብሔር ሕዝብን በልዩ ልዩ መልክ ፈጥሯል» ይላል። ነገሩ እውነት ቢሆን ኖሮ ጥያቄያችን በዚሁ ባበቃ ነበር። ምክንያቱም ተፈጥሮ ያመጣውን ልዩነት ማንም በደል ብሎ አይጠራውም። የደጋ ሰው ከቆላ ሰው በመልኩ ቢለይ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ነገር ግን ይህ ጥያቄ ተመርምሯል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 በስድስት አገሮች የሚገኙ 8,500 ያህል ሕፃናትን ዕድገት አስጠንቷል። አገሮቹ ብራዚል፣ ጋና፣ ህንድ፣ ኖርዌይ፣ ኦማንና አሜሪካ ነበሩ። የተመረጡት ሕፃናት ድህነት ዕድገታቸውን የማያግድባቸው፣ እናቶቻቸው ጡት የሚያጠቧቸውና የማያጨሱ፣ ሕክምና በአቅራቢያቸው የሚያገኙ ነበሩ። በአክራ የተወለደው፣ በኒው ዴልሂ የተወለደውና በኦስሎ የተወለደው ሕፃን ቁመታቸው በየወሩ ሲለካ አማካዩ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። በሕፃናቱ ቁመት መካከል ከታየው ልዩነት ውስጥ በአገር መለያየት የመጣው ከመቶ 3 ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከመቶ 70 የሚሆነው በዚያው በአንድ አገር ውስጥ በልጅና በልጅ መካከል ያለ ልዩነት ነበር። ረጅምና አጭር ልጅ በየአገሩ አለ፤ ረጅምና አጭር ሆኖ የተፈጠረ የሕፃናት አገር ግን የለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚህ ጥናት ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ለዓለም ሕፃናት ሁሉ የሚያገለግል አንድ የዕድገት መለኪያ አውጥቷል። ሰው ሁሉ ከአንድ አዳም የተወለደ መሆኑን ቤተ ክርስቲያናችን ስታስተምር የኖረችውን፣ የመለኪያ ሰሌዳ በእጃቸው የያዙ ሰዎች በሳንቲ ሜትር አገኙት።

እንግዲህ ልዩነቱ ከሕፃናቱ ካልሆነ ከማን ነው? እዚህ ላይ «ዕድል» የሚለውን ቃል ራሱን ብንመለከት መልካም ነው። ዕድል ከማደል የመጣ ቃል ነው። ማደል ማከፋፈል፣ ለእያንዳንዱ ድርሻውን መስጠት ነው፤ «ዕድል ፈንታ» ስንልም ድርሻ ማለታችን ነው። በቃሉ መሠረት ዕድል ከሰማይ በድንገት የሚወርድ ነገር ሳይሆን የታደለ ድርሻ ነው። የታደለ ድርሻ ካለ ደግሞ አዳይ አለ። ሰጪው እግዚአብሔር መሆኑን እናምናለን። ይሁን እንጂ ጌታችን በምድረ በዳ አምስቱን እንጀራ ሲባርክ ለሕዝቡ ያደለው በማን እጅ እንደሆነ እናስታውስ። እርሱ ባርኮና ቆርሶ ለደቀ መዛሙርቱ ሰጠ፤ ደቀ መዛሙርቱም ለሕዝቡ ሰጡ። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ የተቀበለውን እንጀራ ይዞ ቢቀመጥ፣ በእርሱ በኩል የተቀመጡት ሰዎች ተርበው በተመለሱ ነበር። ያን ጊዜ «ዕድላቸው ነው» ቢባል እውነቱ አይሆንም፤ በረከቱ ወርዶ ሳለ በመካከል እጅ ላይ ቀርቷልና።

ይህ የምሳሌ አነጋገር ብቻ እንዳይመስለን፣ አደላው የተለወጠባቸውን አገሮች እንመልከት። በብራዚል እ.ኤ.አ. በ1974 እና በ1975 ከመቶ ሕፃናት 37ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 ሲለካ 7 ብቻ ሆኑ። የብራዚላውያን አጥንት በሠላሳ ዓመት አልተለወጠም። ነገሩን ያጠኑ ሰዎች በተለይ ለኋለኞቹ ዓመታት መሻሻል የሰጧቸው ምክንያቶች የእናቶች ትምህርት መስፋፋት፣ የድሆች ቤተ ሰብ ገቢ ማደግ፣ የእናቶችና የሕፃናት ሕክምና መዳረስ፣ የውኃና የፍሳሽ አገልግሎት መሻሻል ናቸው። በፔሩ እ.ኤ.አ. በ2006 ለፕሬዝዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩ ዕጩዎች የሕፃናትን መቀንጨር በአምስት ዓመት በአምስት በመቶ ነጥብ ለመቀነስ ቃል ገብተው ፈረሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ከመቶ 28 የነበረው በ2016 ወደ 13 ወረደ። እንደ እኛው ተራራማና ደኻ የሆነችው ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2001 ከነበረችበት 57 በመቶ በ2022 ወደ 25 በመቶ ወርዳለች። የእኛም አገር ከዚህ ውጭ አይደለችም። በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 58 የነበረው በ1997 ወደ 51፣ በ2003 ወደ 44፣ በ2008 ወደ 38፣ በ2011 ዓ.ም. ወደ 37 ዝቅ ብሏል። በገጠር ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለምግብ ዋስትና የተዘረጋው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የተጀመሩት በእነዚሁ ዓመታት ነው። ዕድል የማይለወጥ ነገር ቢሆን ኖሮ እነዚህ ቁጥሮች ባልተለወጡ ነበር።

ነገር ግን ሀብት ብቻውን ሁሉን ያቃናል ብለንም እንዳንስት። ህንድ ኢኮኖሚዋ ካደገ በኋላም ከሦስት ሕፃናቷ ከአንድ የሚበልጠው ቀንጭሮ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 ሦስት ባለሙያዎች፣ የደቡብ እስያ ሕፃናት ከአፍሪካ ሕፃናት ይልቅ በምግብ እጥረት ተጎድተው የተገኙበትን ምክንያት መርምረው ነበር። መልሱን ያገኙት በማሳ ወይም በገበያ አልነበረም፤ በሴቶች አያያዝ ነበር። እናት መጨረሻ ላይ የምትበላ፣ በገንዘብ የማታዝ፣ ነፍሰ ጡር ሆና የማታርፍ ከሆነች፣ በቤቱ እህል ቢኖርም ሕፃኑ ገና ሲወለድ ጎድሎበት ይወለዳል። እንግዲህ አደላ በመንግሥታት መካከል ብቻ ሳይሆን በአንድ ገበታ ዙሪያም ይደረጋል ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ቤታችን እንመለስ። የአንድ አገር ቁጥር አማካይ ነው፤ አማካይ ደግሞ ብዙ ነገር ይሸፍናል። በ2008 ዓ.ም. የአገራችን ቁጥር 38 በመቶ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ 15 በመቶ፣ በአማራ ክልል 46 በመቶ ነበር። በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር፣ አንድ ቅዳሴ በሚቀደስበት አገር፣ በአውቶቡስ ጥቂት ሰዓት ተጉዘን በምንደርስበት ርቀት ውስጥ ሁለት አገሮች እንዳሉ ያህል ነው። ይበልጥ የሚያስደንቀው ደግሞ በጎጃም እህል ተርፎ ለሌላው በሚጫንባቸው አካባቢዎች መቀንጨር ከፍተኛ ሆኖ መገኘቱ ነው። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ልጁ የሚቀነጭረው እንዴት ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ከስድስት ወር በላይ የሆነ ሕፃን ከጡት ወተት ጋር እህል ብቻ ቢበላ አይበቃውም። ጥራጥሬ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ አትክልትና ፍራፍሬ ያስፈልገዋል። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ባሉት የአገራችን ሕፃናት ዘንድ፣ ከሰባቱ የምግብ ክፍሎች ቢያንስ አራቱን በቀን ያገኙት ከመቶ 14 ብቻ ነበሩ። በዚህ ላይ ንጹሕ ያልሆነ ውኃ የሚያመጣው ተቅማጥ ሕፃኑ የበላውን ጥቂቱን እንኳ ይነጥቀዋል።

ከሩቁ ከጎጃም ወደ እንጦጦ ተራራችን ብንመጣም ጥያቄው ይከተለናል። ከዚህ ደን ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱትን እናቶች ቤተ ክርስቲያን ስንመጣና ስንመለስ ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ከእነርሱ መካከል የምታጠባ እናት ብትኖር፣ ጨለማ ሳይገፍ ወጥታ ቀትር ላይ ስትመለስ ልጇ በዚያ ሁሉ ሰዓት ምን ይቀምሳል? እርሷስ ያን ሁሉ ሸክም የተሸከመችበት ጉልበት ሲተካ ለጡቷ ወተት ምን ይተርፋል? «አጥቢ፤ ልዩ ልዩ ምግብም አብይ» ብሎ ማስተማር ቀላል ነው፤ ሸክሙን ግን ትምህርት አያቀልለውም። ከመዲናይቱ 15 በመቶ ውስጥ የሚቆጠሩት ሕፃናት የማን ልጆች እንደሆኑ ለመገመት ከተራራችን መውረድ አያስፈልገንም።

ቀደም ሲል መቀጨጭ ዓይን ያየዋል፣ መቀንጨር ግን አይታይም ብለናል። ይህ ልዩነት በኅሊናችንም ላይ ይሠራል። በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የኮረም መጠለያ በፊልም በታየ ጊዜ ዓለም በሙሉ ደንግጧል። ሆኖም በእነዚህ በሁለቱ ረኃቦች መካከል፣ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሮም ላይ የተሰበሰበው የዓለም የምግብ ጉባኤ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ በምድር ላይ ተርቦ የሚያድር ሕፃን እንዳይኖር ቃል ገብቶ ነበር። አሥሩ ዓመት ሲሞላ 1977 ዓ.ም. ሆነ። ቃሉ የሚፈጸምበት ቀን ሲደርስ በኮረም ሜዳ ላይ ሕፃናት በየማለዳው እየተገነዙ ይቀበሩ ነበር። አገራችንም በበኩሏ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ስም የተጠራ ቃል ኪዳን ገብታለች፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ለማጥፋት ነው። ከዚያ ወዲህ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተደረገው ጦርነት፣ ቃሉ በመጀመሪያ ሊፈጸምባቸው በታሰቡት ወረዳዎች ላይ አልፏል። ቃል መግባት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕፃን ቀጠሮ አያውቅም። አንድ ሺህ ቀኑ የሚቆጠረው ጉባኤው ቢዘገይም ባይዘገይም ነው።

አሁን ደግሞ በተለይ እኛን የቤተ ክርስቲያን ልጆችን ወደሚመለከተው ነገር እንግባ፤ ይኸውም ጾም ነው። የቤተ ክርስቲያናችን አጽዋማት ተደምረው ለምእመናን በዓመት 180 ቀን ገደማ ይሆናሉ። ሥርዓቱ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን እንዲጾም አያዝዝም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ከንስሐ አባቷ ጋር ተማክራ እንደ አቅሟ እንድትሆን ይፈቅዳል። ይህ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ቤት የሚታየው ሌላ ነው። ቤተ ሰቡ ሲጾም ወተትና እንቁላል ከቤት ይወጣል፤ ለሕፃኑ ብቻ ማብሰል ድስቱን ያስገድፋል ተብሎ ይፈራል፤ እናትም የጎረቤትን ዓይን ትፈራለች። በዚህ ዓይነት ሳይታዘዝ የሚጾም ሕፃን ይኖራል። ከአንድ ሺህ ቀኑ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በዚህ ቢያልፍ ምን እንደሚቀረው ማስላት ለማንም አያዳግትም።

«ይህ ጾምን መንካት ነው» የሚል ወንድም ቢኖር ስጋቱን እንረዳለን። ጾምን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያዩ ሰዎች አሉና፣ ከእነርሱ ጋር እንድንቆጠር አንፈልግም። ነገር ግን ጾም የፈቃድ መሥዋዕት ነው። ፈቃድ የሌለው ሕፃን የሚያቀርበው መሥዋዕት የለም፤ ያጣውን አጣ እንጂ አልጾመም። ደግሞም ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የሚወደውን ጾም ሲናገር፣ ለተራበው እንጀራን ማካፈልን የጾሙ አካል አድርጎ አስተምሯል። እኛ ስንጾም ከአፋችን የቀረው ወዴት እንደሚሄድ ጾሙ ራሱ ይጠይቀናል። ስለዚህ ለሕፃኑ ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስት ለይቶ ማስቀመጥ ጾምን ማፍረስ ሳይሆን ጾምን በሥርዓቱ መጠበቅ ነው።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ይህም ከፊተኛው የበለጠ ሊሰማ የሚገባው ነው። «እንቁላል አብዪ፣ ወተት አጠጪ የምትሏት እናት የምትገዛበት ከየት ታመጣለች?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ የእናትን አላዋቂነት እየቆጠሩ ድህነቷን መዝለል ፍርደ ገምድልነት ነው። በአገራችን ይህን ችግር ቀድመው ያሰቡ ሰዎች ነበሩ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል፣ ኋላም የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው፣ ከስንዴ፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ቫይታሚንና ማዕድን ጨምሮ ለሕፃናት የሚሆን አልሚ ምግብ አዘጋጅቶ ነበር። ስሙንም ፋፋ አሉት። ስሙ ራሱ ምኞትም ምርቃትም ነው። ይህ የሚያስተምረን በዱቄት ላይ ጥራጥሬ ጨምሮ ገንፎውን ማበልጸግ በአገር እህል የሚቻል መሆኑን ነው። ነገር ግን ጥራጥሬው እንኳ በማይገዛበት ቤት የሚያስፈልገው ምክር ሳይሆን ድርሻ ነው።

ታዲያ ኃላፊነቱ የማን ነው? የዓለም ባለጸጎች ነው ብንል እውነት አለበት፤ የመንግሥት ነው ብንልም እውነት አለበት። ነገር ግን እንደነዚህ ያሉ እውነቶች ወደ ላይ ብቻ እየጠቆሙ ጠቋሚውን ነፃ ያወጡታል። በወንጌል የተነገረውን የባለጸጋውንና የአልዓዛርን ታሪክ እናስብ። ባለጸጋው አልዓዛርን መታው አልተባለም፤ ቀማውም አልተባለም። በደጁ ተኝቶ ሳለ በየቀኑ መውጣቱና መግባቱ ብቻ በቃው። የተፈረደበት ባደረገው ሳይሆን ባላየው ነገር ነው። የሰው ኃላፊነት ባጠፋው ልክ ብቻ ሳይሆን በደጁ ባለውና እጁ በሚደርስበት ልክ ነው ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ የኦስሎ ሰው በእጁ ባለው ልክ ይጠየቃል፤ የአዲስ አበባ ሰውም በእጁ ባለው ልክ ይጠየቃል። የአንዱ መጠየቅ ሌላውን አያስጥልም።

በምጽዋትና በፍትሕ መካከልም መለየት ይገባናል። ምጽዋት ከእኔ ድርሻ ቆርሼ የምሰጠው ነው፤ ፍትሕ ደግሞ የእርሱን ድርሻ ለእርሱ መልሼ ማድረሴ ነው። ሕፃናት ሁሉ እኩል የማደግ ተፈጥሮ ተሰጥቷቸው እንደሚወለዱ ካወቅን በኋላ፣ ለሕፃን የሚሰጥ ምግብ ምጽዋት ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል። ፈጣሪ በአጥንቱ ውስጥ ያስቀመጠለትን ዕድገት አለመከልከል ነውና። ምጽዋት ሰጪውን ያስመሰግነዋል፤ ዕዳውን የከፈለ ሰው ግን ምስጋና አይጠብቅም።

ስለዚህ እኛ ወጣቶች በአቅማችን ልናደርገው የምንችለውን እናስብ። አንደኛ፣ በየቤታችን ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ካለ፣ በጾም ወራት ሥርዓቱ ለሕፃኑና ለእናቲቱ የሚፈቅደውን በግልጽ እንናገር፤ የንስሐ አባቶችንም እንዲያስረዱልን እንጠይቅ፤ በመምህራን አፍ የተነገረ ቃል ከጎረቤት ዓይን ይበረታልና። ሁለተኛ፣ የማኅበርና የሰንበቴ ዝክር በየወሩ ይዘከራል። ከዝክሩ ጥቂት ድርሻ ለሚያጠቡ ችግረኛ እናቶች በጥራጥሬና በእንቁላል መልክ ቢመደብ የዝክሩን ዓላማ ይፈጽማል እንጂ አይለውጠውም። ሦስተኛ፣ በየሠፈራችን የሚዞሩትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተባብረን፣ የሕፃናት ክንድ እንዲለካና የደከመው በጊዜ ጤና ጣቢያ እንዲደርስ እናግዝ። አራተኛ፣ ከደኑ ሸክም ይዘው ለሚወርዱት እናቶች፣ ሕፃናታቸው የሚቆዩበት ጥላና ጠባቂ ለማግኘት ከሰበካ ጉባኤያችን ጋር እንምከር።

እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ የአገሮችንም ሠንጠረዥ በአንድ ዓመት አይለውጡም። ነገር ግን ሠንጠረዡ ከየት እንደሚሠራ አይተናል፤ አንድ አንድ ሕፃን እየተለካ ነው የሚሠራው። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃልም መጣል አይገባንም፤ በቦታው ማዋል ነው እንጂ። ሕፃኑን አብልተን፣ እናቱን አሳርፈን፣ ውኃውን አጥርተን ስናበቃ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ለእግዚአብሔር ስንተው የምንለው ምርቃት ይሁን። ድርሻውን በእጃችን ይዘን ሳለ ግን አንበለው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።